ሥራ የሚጀመርበት ቀን ሁለት ጊዜ ተገፋብኝ፤ ልጠብቅ ወይስ ሌላ ልያዝ?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። በግሌ ኮንትራት እየያዝኩ የምሠራ የሶፍትዌር ባለሙያ ነኝ። በኤጀንሲ በኩል የ60 የሥራ ቀን ውል ፈርሜያለሁ። ሒሳቡ በቀን ነው፤ ኢንቮይስ (የክፍያ መጠየቂያ) የሚላከው በወር መጨረሻ፣ የሚከፈለው ደግሞ ከዚያ በ30 ቀን ውስጥ። ሥራው ወሩ በገባ በ1፣ ሰኞ ሊጀመር ነበር። መጀመሪያ ወደ 8 ገፉት፣ አሁን ደግሞ «22 አካባቢ ይሆናል» አሉኝ። ውሉ ላይ ያለው ቃል «የሚጠበቅ መጀመሪያ ቀን» ነው፤ ማብቂያው ግን ቁርጥ ያለ ቀን ተጽፎበታል። ለጠበቅኩባቸው ቀናት ክፍያ መጠየቅ እችላለሁ? በመሃል ሌላ ሥራ ብይዝስ? ሳላስቀይማቸው ምን ብዬ ልጻፍላቸው?

ወረቀት መርማሪ፦
ከሁሉ በፊት የዘገየው ምን እንደሆነ እወቅ። «ትንሽ ዘግይቷል» መልስ አይደለም። በኤጀንሲ በኩል ሲሆን ሰንሰለቱ ረጅም ነው፦ ደንበኛው በጀት ያጸድቃል፣ የግዢ ትእዛዝ ቁጥር (ክፍያው የተፈቀደበትን ቁጥር) ያወጣል፣ ኤጀንሲው በዚያ ቁጥር ውል ያስራል፣ ከዚያ የማንነት ማጣራት፣ መጨረሻ ላይ ላፕቶፕና የመግቢያ ፈቃድ። የት ቦታ ላይ እንደቆመ ካወቅህ ምን ያህል እንደሚቆይ መገመት ትችላለህ። ላፕቶፕና አካውንት ከሆነ የቀናት ጉዳይ ነው። ማጣራት ከሆነ ምናልባት የጎደለው ካንተ የሚጠበቅ ወረቀት ነውና ዛሬውኑ ጠይቅ። በጀቱ ካልጸደቀ ግን 22 የሚባል ቀን የለም፤ ያ ቀን ግምት ነው።

ስለዚህ ሁለት ጥያቄ ብቻ ላክ፦ የግዢ ትእዛዙ ቁጥር ወጥቷል? ካልወጣ ማን ፈርሞ ነው የሚወጣው? ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ መስጠት ካልቻሉ ሥራውን እንዳልተያዘ ቁጠረው።

ውል አንባቢ፦
ክፍያውን በሚመለከት፦ ውሉ ላይ ስለ መዘግየት የተጻፈ ነገር ከሌለና ቀኑም «የሚጠበቅ» ከሆነ፣ የመጠበቂያ ሒሳብ የማግኘት ዕድልህ ጠባብ ነው። ቃሉ የገባውም ለዚሁ ነው። ውሉ የሚገዛበት ሕግ ስለሚለያይ ገንዘቡ ከፍ ያለ ከሆነ ለጠበቃ አሳየው፤ ለ15 ቀን ሒሳብ ግን የጠበቃው ወጪ ይበልጥ ይሆናል።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን ማብቂያው ቀን ነው። ከ1 ወደ 22 ሲገፋ 15 የሥራ ቀን ሄደ ማለት ነው። ማብቂያው ካልተነካ የሚቀርህ 45 ቀን ነው። የሚጠብቁብህ ሥራ ግን የ60 ቀኑ ነው፤ በሒሳብህ ሩቡ ተቆርጦ ሥራው እንዳለ ቆመ። ከሁሉ አስቀድመህ ይህን አስተካክል። በውል ማሻሻያ እንዲህ ብለህ አስገባ፦ «ውሉ የሚያበቃው ሥራው በተጨባጭ ከተጀመረበት ቀን ጀምሮ 60 የሥራ ቀን ሲሞላ ነው።» አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ ሁለቱም ወገን ይፈርሙበት።

ሒሳብ ሹም፦
ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ሦስት ሳምንት ዘገየ፣ ስለዚህ ገንዘቡም ሦስት ሳምንት ይዘገያል» ብሎ ነው። በወር መጨረሻ ኢንቮይስ ስትልክ እንደዚያ አይሠራም። ያንተን ልቁጠር፣ ወሩ 30 ቀን ነው ብለን፦

በ1 ብትጀምር በ30 የ22 ቀን ኢንቮይስ ትልካለህ፤ ገንዘቡ በ60ኛው ቀን ይገባል። በ22 ብትጀምር ግን በወሩ መጨረሻ ያለህ 7 የሥራ ቀን ብቻ ነው። በ60ኛው ቀን የሚገባው የ7 ቀን ሒሳብ ነው፤ ሙሉ ወር ደመወዝ የሚመስል ገንዘብ የምታየው በ90ኛው ቀን። አንዴ ደግሞ ቢገፉትና ቀጣዩ ወር ላይ ቢወድቅ ደግሞ እስከ 90ኛው ቀን ምንም የለም። አንዳንድ ሒሳብ ክፍል ወሩን ከማለቁ በፊት ይዘጋል፤ የሚዘጉበትን ቀን ጠይቅ፣ ካለፈህ ያቺ 7 ቀንም ለቀጣዩ ወር ትተላለፋለች።

ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ 2 ወራት ኢንቮይስ በየ2 ሳምንቱ እንዲሆን ጠይቅ። ከተቻለ ክፍያውም ከ30 ወደ 15 ቀን። ቁጠባህን ስትለካም እስከ 22 ሳይሆን እስከ 90ኛው ቀን ለካ።

ደላላ ያልሆነ፦
ከላይ ያሉትን ሁሉ እስማማለሁ፣ አንድ ነገር ልጨምር። ኤጀንሲው ትርፉን የሚያገኘው አንተ ከሠራህበት ሰዓት ላይ ነው። አንተ ካልሠራህ እሱም የሚከፈለው የለም። የመጠበቂያ ክፍያ ስትጠይቀው ከራሱ ኪስ አውጣ እያልከው ነው፤ እምቢ ይላል፣ ቅር መሰኘቱም ይተርፍሃል። ገንዘብ የማያስወጣውን ጠይቀው፦ የማብቂያ ቀን መገፋት፣ የ2 ሳምንት ኢንቮይስ፣ እና ከአንድ የተወሰነ ቀን በኋላ ያለ ቅጣት የመውጣት መብት። ሦስቱንም የሚሰጥህ ሰው ራሱ ፈርሞ ሊጨርሰው ይችላል።

ለሚቀጥለው ውል ግን ከመፈረምህ በፊት ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ «ቀኑ ከ5 የሥራ ቀን በላይ ከተገፋ፣ ከ6ኛው ቀን ጀምሮ የቀን ሒሳቡ ግማሽ ይከፈላል» የሚል አንቀጽ ማስገባት ይቻላል። ባይቀበሉት እንኳ ወደ ድርድር ይገባሉ። በቀጥታ ከደንበኛ ጋር ከሆነ ደግሞ ቀብድ ይቀላል፤ መጨረሻ ላይ ከኢንቮይሱ የሚቀነስ ስለሆነ ብዙም አይከብዳቸውም።

ውል አንባቢ፦
መልእክቱን እንዲህ ብትጽፈው፦

«ሰላም። ለሥራው ዝግጁ ነኝ። ቀኑ ወደ 22 ስለተሻገረ ሦስት ነገር በጽሑፍ እንድታረጋግጡልኝ እጠይቃለሁ። 1. ማብቂያው ቀን በዚያው ልክ እንዲገፋ። 2. የመጀመሪያዎቹ 2 ወራት ኢንቮይስ በየ2 ሳምንቱ እንዲሆን። 3. እስከ 17 ድረስ ቁርጥ ያለ ቀን ካልተነገረኝ ሌላ ሥራ መቀበል እንድችል። ሌላ የቀረበልኝ ሥራ ቢኖር ከመቀበሌ በፊት በ2 የሥራ ቀን አሳውቃችኋለሁ።»

ለምን 17? ከ22 በፊት ያለው ረቡዕ ስለሆነ ነው። ዓርብ ካደረግከው ቅዳሜና እሁድ ይገባና ሰኞ ጠዋት «እየተጣራ ነው» ይሉሃል።

የጎን ሥራ፦
በመሃል ሌላ ስለመያዝ፦ መጀመሪያ ውሉ ላይ «ለሌላ መሥራት አይፈቀድም» የሚል አንቀጽ መኖሩን እይ፤ ካለም ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሚጸና ተመልከት፦ ከፊርማ ነው ወይስ ከሥራ መጀመሪያ? ከሥራ መጀመሪያ ከሆነ አሁን ነጻ ነህ።

ከዚያ የሥራውን መጠን ቁረጥ። 15 ቀን ባዶ አለህ ብለህ የ15 ቀን ሥራ አትያዝ፤ 8 ወይም 9 ቀን የሚፈጅ ያዝ፣ እሱንም በየ3 ቀኑ ተረክበው በሚከፍሉበት ክፍል ክፈለው። ዋናው ድንገት በ16 ቢጠራህ የተረከቡትን ይዘው ይቀራሉ፣ አንተም ተበዳሪ አትሆንም። የሚያስቸግረው «አነስተኛ ድጋፍ» እየተባለ የሚመጣው ነው፤ መጨረሻ የለውም። የተሰበረ ነገር መጠገን፣ ኮድ መገምገም፣ ሰነድ ማዘጋጀት፤ እንዲህ አጭርና ዳር ያለው ይሻላል።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። ጽፌላቸው መለሱ፤ ማብቂያውን ተቀብለዋል። የግዢ ትእዛዙ ቁጥር ገና ነው፤ «እስከዚያ ላፕቶፑን ልከንልሃል፣ ሰነዱን እያነበብህ ቆይ» ይላሉ። ላንብብ?

ሒሳብ ሹም፦
ቁጥሩ ሳይወጣ የሠራኸው ሰዓት ኢንቮይስ ላይ የሚቀመጥበት ቦታ የለውም። ብትልከውም ሥርዓቱ ይመልሰዋል። ቁጥሩ ሲወጣ ደግሞ የሚጸናበት ቀን 22 ተብሎ ይጻፍና ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ በነጻ ይቀራል። ማንበብ ከፈለግህ አንድ መስመር ኢሜይል ጠይቅ፦ «ከዚህ ቀን ጀምሮ የሚሠራው ሰዓት በግዢ ትእዛዙ ውስጥ ይካተታል።» ካልጻፉልህ ላፕቶፑን ተቀበል፣ አካውንቱና ቪፒኤኑ (ከድርጅቱ መረብ ጋር የሚያገናኝህ) መሥራቱን ፈትሽ፣ ከዚያ ዝጋው። ያ ግማሽ ሰዓት ነው፤ ሰኞ ጠዋት የይለፍ ቃል እምቢ ብሎ ሙሉ ቀን ከሚበላብህ ይሻላል።

ወረቀት መርማሪ፦
ላፕቶፑን ስትቀበል የተቀበልክበትን ቀንና መለያ ቁጥሩን ጻፍ፤ ሥራው ጭራሽ ቢቀር የምትመልሰው አንተ ነህ። የመመለሻ ወጪው የማን እንደሆነም አሁን ጠይቅ።