ለአባቴ የ1965 ሙስታንግ ኮንቨርቲብል ልንገዛ ነው፣ ምኑን ልይ?

ህሊና፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ስለ አሮጌ መኪና ምንም አላውቅም፤ ታግሣችሁ አንብቡልኝ።

አባቴ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ 26 ዓመት ፓርኪንግ ሠርቶ ዘንድሮ ጡረታ ይወጣል። ሥራ በጀመረ በሦስተኛው ወር አንድ ሽማግሌ ጣሪያው የተገለጠ ነጭ ሙስታንግ ይዘው መጡና ቁልፉን ሰጡት። የነዳት ከመግቢያው እስከ ሁለተኛው ፎቅ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ስንትና ስንት መኪና በእጁ አልፏል። ቤት ሲገባ የሚያወራልን ግን ስለ እሷ ነበር። የመሪው ቅጥነት፣ የሞተሩ ድምፅ፣ ሁሉም ትዝ ይለዋል።

እኔና ሁለቱ ወንድሞቼ ገንዘብ አዋጥተን ፍለጋ ጀመርን። ፔንስልቬኒያ ውስጥ አንድ የ1965 ኮንቨርቲብል አገኘን። ቀይ ነው። 289 ኪዩቢክ ኢንች ቪ8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር) ሞተር፣ አውቶማቲክ ካምቢዮ፣ አዲስ ሸራ፣ ወንበሮቹም አዲስ የለበሱ። ዋጋው 38,500 ዶላር። ማስታወቂያው «ከላይ እስከ ታች የታደሰ፣ ሞተሩም አብሮት ከፋብሪካ የወጣ» ይላል። 42 ፎቶ አለው። አንዱን የስልኬ ስክሪን ላይ አድርጌዋለሁ፣ ያን ያህል ያምራል።

ቅዳሜ ሄደን እናያለን። ሻጩ ሌላ ገዢ አለ እያለ ያጣድፈናል። አባቴ ገና አልሰማም። ምኑን ልይ?

ባለመፍቻው፦

እህቴ ህሊና፣ ፎቶዎቹን በውስጥ ስለላክሽልኝ አመሰግናለሁ። አንድ በአንድ አየኋቸው። ከሥር የተነሳ አንድም የለም። ሙሉ በሙሉ አደስኩ የሚል ሰው ሥሩን ማሳየት ይወዳል፣ ምክንያቱም ገንዘቡ የሚያልቀው እዚያ ነው።

እኔ የ1966 ኮንቨርቲብል አለኝ፤ 11 ዓመት ሆነው። ስገዛው ቀለሙ እንደ መስታወት ያበራ ነበር። ቤት አምጥቼ ምንጣፉን ስገልጥ ወለሉ ላይ በሪቬት የተመታ ቆርቆሮ አገኘሁ። ከቆርቆሮው ሥር ወለል የለም፣ መሬቱ ይታያል። 14 ወር ስበይድ ከረምኩ። አንቺ እንዲህ እንዳይደርስብሽ ነው የማስረዝመው።

ሙስታንግ ለብቻው የቆመ ሻንሲ የለውም። አካሉ ራሱ ነው የሚሸከመው። ጣሪያ ያለው ኩፕ ላይ ጣሪያው ሸክሙን ያግዛል። ኮንቨርቲብሉ ይህን ስላጣ፣ ፎርድ ከበሮቹ ሥር በርዝመቱ የሚሄደውን ብረት፣ ሮከር የምንለውን፣ ከውስጥ በወፍራም ላሜራ ሠራው። ከፊት ወንበሮች በታችም በወለሉ ሥር ሌላ ማጠናከሪያ ላሜራ በየደበት። እነዚህ ሁለቱ ከበሰበሱ መኪናው ወገቡ ይረግባል። ቀለምና ሸራ ያን አይመልሱም።

እንዴት ታውቂያለሽ? በሩን ዝጊና ከኋላው ጠርዝ ያለውን ክፍተት እዪ። ከላይ ጠብቦ ከታች ከሰፋ አካሉ ረግቧል ማለት ነው። በሩን ቀስ ብለሽ ክፈቺ፣ ቀስ ብለሽ ዝጊ። ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለሽ በሮከሩ ላይ እየጎተትሽ ሂጂ። ማግኔቱ የሚለቅበት ቦታ ላይ ያለው ስቱኮ ነው። ሥሩ በሙሉ በአዲስ ጥቁር ቅብ ከተሸፈነም ተጠንቀቂ፤ ብየዳው ጥሩ ይሁን መጥፎ ከዚያ በኋላ ማንም አያይልሽም።

ሁለተኛ፣ አንድ ጠርሙስ ውኃ ይዘሽ ሂጂ። ከፊት መስታወቱ ሥር፣ መጥረጊያዎቹ አጠገብ፣ የአየር ማስገቢያ ወንፊት አለ። የዚህ መኪና ትልቁ በሽታ እዚያ ውስጥ ነው። ቅጠልና እርጥበት ተጠራቅሞ ብረቱን ይበላዋል፣ ከዚያ በዘነበ ቁጥር ውኃው ወደ ወለሉ ይወርዳል። ሻጩን አስፈቅደሽ ውኃውን አፍስሺ። ወንድምሽ ውስጥ ገብቶ ከዳሽቦርዱ ሥር በባትሪ መብራት ይይ። ጠብታ ካለ ጥገናው ቀላል አይደለም፤ ክፍሉ ያለው ከፊት መስታወቱ ሥር ተበይዶ ስለሆነ ብዙ ነገር መፈታት አለበት።

ሦስተኛ፣ ቁጥሩን አንብቢ። በሹፌሩ በር ላይ ትንሽ የብረት ሰሌዳ አለ። የ1965 ቁጥር በ5 ይጀምራል። ቀጥሎ የፋብሪካው ፊደል ይመጣል፦ ኤፍ ዲርቦርን፣ አር ሳን ሆዜ፣ ቲ ሜታቸን። ከዚያ ያሉት ሁለት አኃዞች ናቸው ዋናዎቹ። 08 ኮንቨርቲብል ነው፣ 07 ኩፕ፣ 09 ፋስትባክ (ጣሪያው ወደ ኋላ እየተንሸራተተ የሚወርደው)። 07 ካየሽ አንድ ሰው ኩፕ ቆርጦ ጣሪያ አልባ አድርጎታል ማለት ነው፤ ቁልፉን መልሰሽ ወደ ቤትሽ። በር ደግሞ ስለሚቀየር ሰሌዳውን ብቻ አትመኚ። ኮፈኑን ከፍተሽ በሹፌሩ በኩል ፓራፋንጎው ሥር ባለው ላሜራ ላይ የተመታውን ቁጥር አመሳክሪ። ታይትሉም ላይ ያው ቁጥር መሆን አለበት።

ስለ ሞተሩ የጻፈውን ግን በደንብ ጠይቂው። በ1965 ከነበሩት 289 ሞተሮች የመኪናው ቁጥር ብሎኩ ላይ የሚመታው 271 የፈረስ ጉልበት ባለው፣ ኬ በሚለው ፊደል በሚታወቀው ላይ ነበር። ያንቺ መኪና ቁጥር ውስጥ ያለው የሞተር ፊደል ሲ ከሆነ 200 የፈረስ ጉልበት ያለው ተራው 289 ነው። ሻጩ ማሳየት የሚችለው ብረቱ የተቀለጠበትን የቀን ምልክት ብቻ ነው። ያ ለዘመኑ ትክክል ነው ያሰኛል እንጂ ከዚሁ መኪና ጋር ተወለደ አያሰኝም።

ሶስተኛ ማርሽ፦

ባለመፍቻው ሁሉንም ብሏል። እኔ ሁለት ነገር ልጨምር።

የጎማ ብሎኖቹን ቁጠሪ። ቪ8 ሆኖ የተወለደ አምስት ብሎን ነው ያለው፣ ስድስት ሲሊንደሩ አራት። አራት ብሎን ላይ ቪ8 ተጭኖ ካየሽ ሞተሩ ከሌላ መጥቷል፤ ፍሬኑና ስፕሪንጉም ለዚያ ክብደት አልተሠሩም።

ሁለተኛው ፍሬን ነው። በ1965 እና በ1966 ሞዴሎች የፍሬን ፓምፑ ባለ አንድ ክፍል ነው። አንድ ቦታ ዘይት ከፈሰሰ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። በ1967 ነው ሁለት ክፍል የሆነው። አባትሽ የሚነዱት ከሆነ ኦሪጅናልነቱ ይቅርና ባለ ሁለት ክፍል ይገጠምላቸው። ኢንሹራንሱንም ዋጋው አስቀድሞ ስምምነት የሚደረግበት ዓይነት አድርጊው፤ በተራው ከገባሽ እንደ ማንኛውም ያረጀ መኪና ይተምኑታል።

ህሊና፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አትሜ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼዋለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ሰርፕራይዝ ብናደርገው ይሻላል ወይስ አባቴን ይዘን እንሂድ?

ባለመፍቻው፦

ይዘሻቸው ሂጂ። 26 ዓመት የሰው መኪና በር ሲከፍቱና ሲዘጉ የኖሩ ሰው ናቸው። ከእኔ ማግኔት የሳቸው እጅ ይበልጣል።

ህሊና፦

ሄድን። ዓርብ ማታ ነገርነው። መጀመሪያ ተቆጣ፣ ገንዘባችሁን አታባክኑ አለ። ጠዋት ግን ከሁላችን ቀድሞ ሱፉን ለብሶ ሳሎን ተቀምጧል።

ቁጥሩ ትክክል ነው፣ 08፣ በሁለቱም ቦታ። ሞተሩ ሲ ነው። ብሎኖቹ አምስት። የቀለሙ ምልክት ኤም ሆነ፤ ፈልጌ ሳይ ዊምብልደን ነጭ ማለት ነው። ማለት ከፋብሪካ ሲወጣ ነጭ ነበር! ተራ ቁጥር አንድ የሆነችው ኮንቨርቲብል፣ ዛሬ ዲርቦርን ሄንሪ ፎርድ ሙዚየም ውስጥ ያለችው፣ እሷም በዚሁ ነጭ የተቀባች ናት። ይህን ለአባቴ ስነግረው ዝም ብሎ እጁን በኮፈኑ ላይ አሳለፈ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እዚያች ደቂቃ ላይ ብቻዬን ብሆን ቼኩን እጽፍ ነበር።

ከዚያ በሩን ከፈተና ዘጋው። መልሶ ከፈተው። ሻጩን አየና «በሩን ትንሽ ከፍ እያደረግህ ነው የምትዘጋው፣ አይደል?» አለው። ሰውየው ማጠፊያው አርጅቷል አለ። ወንድሜ ክፍተቱን አየ፦ ከላይ ጣት አይገባም፣ ከታች ይገባል። በሌላው በርም ያው ነው። ማግኔቱ በሮከሩ ላይ አንድ ክንድ ያህል ሲሄድ አልያዘም። ሥሩ ጥቁር ቅብ ነው፣ ገና ይሸታል። ውኃውን ስናፈስ ከዳሽቦርዱ ሥር በሹፌሩ በኩል ተንጠባጠበ። ሻጩ ዋጋውን ወዲያው 4 ሺህ ዶላር ቀነሰ።

አባቴ ሹፌሩ ወንበር ላይ ገብቶ ተቀመጠ። ሞተሩን አላስነሳም። አሥር ደቂቃ ያህል መሪውን ይዞ ቆየ። ከወረደ በኋላ ለሰውየው አመስግኖ «ይቺ መጀመሪያ መታከም አለባት» አለውና ወደ መኪናችን ሄደ።

አሁን ሜሪላንድ ውስጥ ሌላ አግኝተናል። የ1966፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ቀለሙ የደበዘዘ፣ ሸራው የተጣፈ። ሻጯ ሳንጠይቃት ከሥሩ ያነሳችውን 19 ፎቶ ላከችልን። ባለመፍቻው፣ በውስጥ ልኬልሃለሁ፣ እስቲ ወለሉን እይልኝ። አባቴ ከትናንት ጀምሮ በየሰዓቱ «መለሰ ወይ?» እያለኝ ነው።