የሜታሊካ «72 ሲዝንስ» በእርግጥ ረዝሟል ወይስ ሃያሲው ተቻኩሏል?

ሪፍ ወዳድ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 14 ቀን 2023 ስለወጣው የአሜሪካው ከባድ ሮክ ባንድ የሜታሊካ አልበም የተጻፈ አንድ ሂስ አንብቤ እስካሁን ይከነክነኛል። የሃያሲው ዋና ነቀፋ ያረፈው በርዝመቱ ላይ ነው። 12 ዘፈኖች በ77 ደቂቃ መቅረባቸው አድማጭን እንደሚያሰለች፣ ባንዱም የዘፈኖቹን ሲሶ ቢያስቀር ኖሮ ጠንካራ ሥራ ይወጣው እንደነበር ይናገራል። የባንዱን ድምፃዊና ጊታሪስት የጄምስ ሄትፊልድን ግጥሞች ደግሞ በአንድ ስሜት ዙሪያ የሚሽከረከሩ ናቸው ብሎ በሁለት ዐረፍተ ነገር አልፏቸዋል። እኔ አልበሙን ደጋግሜ አዳምጬ «ይህኛው ይውጣ» የምለው ዘፈን አላገኘሁም። ለመሆኑ ርዝመትን በራሱ እንደ ጉድለት መቁጠር ተገቢ ነው ትላላችሁ?

የድሮ ሸክላ

ሂሱን አንብቤ እንደ እርስዎ አዝኛለሁ። ሃያስያን በከባድ ሮክ ላይ ሲፈርዱ መሳሳታቸው የቆየ ነገር ነው። ሮሊንግ ስቶን መጽሔት በ1969 የሌድ ዜፕሊንን፣ በ1970 ደግሞ የብላክ ሳባዝን የመጀመሪያ አልበሞች አጣጥሎ ነበር፤ ያው መጽሔት በ2003 ባወጣው የ500 ታላላቅ አልበሞች ዝርዝር ውስጥ ሁለቱንም አካቷቸዋል። አንድ አልበም በወጣ በማግስቱ የሚጻፍ ሂስ ሥራው በአድማጭ ጆሮ ውስጥ እስኪሰክን ድረስ አይጠብቅም።

ከበሮ መቺው

ወንድማችን ያነሱት ታሪክ እውነት ቢሆንም ለዚህ ክርክር ማስረጃ አይሆንም። ያኔ የተሳሳቱት ሌሎች ሰዎች ናቸው፣ የተሳሳቱትም በሌላ ሥራ ላይ ነው። የአሁኑን ሂስ መመዘን ያለብን በራሱ ይዘት ነው።

እኔ በበኩሌ ሃያሲው ድካም ተሰምቶኛል ማለቱን አምነዋለሁ፤ የድካሙን ምንጭ ግን በደቂቃ ቆጠራ ውስጥ መፈለጉ አሳስቶታል። በ1986 የወጣው የባንዱ አልበም «ማስተር ኦፍ ፐፕትስ» 8 ዘፈኖች ይዞ 55 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ በአንድ ሸክላ ሁለት ገጽ ላይ ድምፁ ሳይጎዳ ከዚህ ብዙ የበለጠ ማስፈር ደግሞ አስቸጋሪ ነበር። ሲዲ ሲመጣ ገደቡ ወደ 80 ደቂቃ ገደማ ከፍ አለ፤ ባንዱም ያገኘውን ቦታ መሙላት ጀመረ። የ1996ቱ «ሎድ» ወደ 79 ደቂቃ የሚጠጋ ሲሆን የመጨረሻው ዘፈን ሲዲው ላይ እንዲገባ ሲባል ጫፉ ተቆርጧል። የ2003ቱ «ሴንት አንገር» 75 ደቂቃ ነው፤ የ2016ቱም አልበማቸው በሁለት ሲዲ ተከፍሎ ልክ እንደ አሁኑ 12 ዘፈኖችና 77 ደቂቃ ነበረው። ስለዚህ ርዝመት የዚህ ባንድ የቆየ ልማድ እንጂ የአዲሱ አልበም ልዩ ጉድለት አይደለም።

በእኔ እምነት እዚህ የጎደለው የድምፅ ንፅፅር ነው። «ማስተር ኦፍ ፐፕትስ» የተሰኘው ዘፈን ራሱ ከ8 ደቂቃ በላይ ነው፤ ነገር ግን መሐሉ ላይ ጊታሮቹ ይረጋሉ፣ ሄትፊልድ ዜማው የሚያዝ ሶሎ (ጊታሩ ብቻውን ጎልቶ የሚወጣበት ክፍል) ይጫወታል፣ ከዚያም ክብደቱ ቀስ በቀስ ስለሚመለስ አድማጭ ትንፋሽ አግኝቶ ጊዜው ሳይታወቀው ያልፋል። ከ1984 እስከ 1988 በወጡት ሦስቱም አልበሞች ውስጥ በለስላሳ ጊታር ጀምሮ እየከበደ የሚሄድ ዘፈን ነበረ። በ«72 ሲዝንስ» ውስጥ እንዲህ ያለ አንድም የለም። የባንዱ ከበሮ መቺ የላርስ ኡልሪክ ምት አብዛኛውን ጊዜ በመካከለኛ ፍጥነት ሲጓዝ፣ የጊታሪስቱ የኪርክ ሃሜት ሶሎም በዋ-ዋ ፔዳል (በእግር እየተረገጠ የጊታሩን ድምፅ በሚያወዛውዝ መሣሪያ) ታጅቦ በተለመደው ቦታው ሲገባ፣ ስምንተኛውን ዘፈን ከዘጠነኛው መለየት ይከብዳል። ሃያሲው ይህን ቢጽፍ ኖሮ እኔም አጨበጭብለት ነበር፤ ሲሶው ይቀነስ ማለት ግን የቀሩትን ስምንቱን ዘፈኖች የተለያዩ አያደርጋቸውም።

ግጥም አንባቢ

ስለ ግጥሞቹ የተባለው እኔን ይበልጥ አሳስቦኛል። የአልበሙ ስም የሚያመለክተው የሰውን ልጅ የመጀመሪያ 18 ዓመታት ነው፤ እያንዳንዱ ዓመት አራት ወቅቶች ስላሉት 72 ይሆናሉ። የሄትፊልድ ሐሳብ በእነዚያ ዓመታት ስለ ማንነታችን የተነገረን ነገር በጉልምስናችንም ይከተለናል፣ ከዚያ እስር መውጣት ወይም በዚያው መኖር ደግሞ የእኛ ፈንታ ነው የሚል ነው። እንዲህ ያለ ሐሳብ የያዘ ሥራ ወደ አንድ ቁስል ደጋግሞ መመለሱ ከርዕሰ ጉዳዩ የመነጨ ስለሆነ፣ ሃያሲው ቢያንስ ይህን ገልጾ ቢቃወም ይሻል ነበር። ይህን ስል ግጥሞቹ ሁሉ የተዋጣላቸው ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ቃላት ቤት ስለመቱ ብቻ የተደረደሩባቸው አዝማቾች አሉ፤ እነዚያ መነቀፍ ይገባቸው ነበር።

ሪፍ ወዳድ (ጠያቂ)

ከበሮ መቺው ያቀረቡትን ሐሳብ የሚያጠናክር አንድ ነገር ልጨምር። የአልበሙ መዝጊያ «ኢናሞራታ» ከ11 ደቂቃ በላይ ይፈጃል፤ ባንዱ እስከዚያ ለራሱ አልበሞች ከጻፋቸው ዘፈኖች ሁሉ ረጅሙም እርሱ ነው። መሐሉ ላይ ሌላው ሁሉ ጸጥ ብሎ የሮበርት ትሩሂዮ ባስ ጊታር ጎልቶ ይሰማል። ርዝመትን አጥብቆ የኮነነው ሃያሲም ከአልበሙ በሙሉ ልቡ ያመሰገነው ይህንኑ ዘፈን ነው።

የድሮ ሸክላ

እንግዲህ የአደማመጡ ሁኔታም ይታሰብ። ከመውጣቱ ዋዜማ አልበሙ በብዙ አገሮች ሲኒማ ቤቶች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቀርቦ ነበር፤ ሃያሲም እንዲሁ በአንድ መቀመጫ ነው የሚያዳምጠው። እኛ ግን ዛሬ ሦስት፣ ነገ አራት ዘፈን እያልን ስለምንሰማ ድካሙ አይደርስብንም። ሃያሲው ስንት ጊዜና እንዴት እንዳዳመጠው በጽሑፉ ውስጥ አንድ መስመር ቢያሰፍር ኖሮ ፍርዱን ለመመዘን በቻልን ነበር። «ንፅፅር የለም» የተባለውን ግን አልቀበልም፤ 3 ደቂቃ ከግማሽ እንኳ የማይሞላውን የዚሁ አልበም ዘፈን «ሉክስ ኤተርና»ን ከመዝጊያው ጋር አከታትላችሁ ስሟቸው።