ጣሪያ መብሳት በተከለከለበት ኪራይ ቤት የኮራል መብራት

ሰማያዊ ገንዳ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የቤት ኪራይ ውሌ ጣሪያም ግድግዳም መብሳት አይፈቅድም። የመብራት ሒሳቡን ደግሞ ከሌሎቹ ተከራዮች ጋር እኩል ነው የምንካፈለው። የጨው ውሃ ገንዳዬ 60 በ45 በ45 ሳንቲ ሜትር ነው፤ አሁን መሽሩምና ዞአንተስ የሚባሉ ኮራሎች አሉበት፣ በተጨማሪ ሞንቲፖራ የሚባለውን ኮራል ማስገባት እፈልጋለሁ። ባለ 100 ዋት ኤልኢዲ አንዱ ይበቃል? የትስ ይሰቀላል?

ባለሽቦው፦
ከሒሳቡ ልነሳ። 100 ዋት በሙሉ ኃይሉ 10 ሰዓት ቢበራ 1 ኪሎዋት ሰዓት፣ በወር 30 ነው። ኤልኢዲ ቀስ ብሎ እየወጣ ቀስ ብሎ ስለሚወርድ ከዚያ ያንሳል። ማሞቂያውና ፓምፑ ግን ሌሊቱንም አያርፉም። ሁሉንም ሶኬት ላይ በሚሰካ ቆጣሪ ለካና ለቤት ተጋሪዎችህ ሳይጠይቁህ አሳያቸው፤ ትርፉን አንተ ቻል።
ጣሪያ አያስፈልግም። የመብራቱን ክንድ ገንዳው ከተቀመጠበት ከራስህ ካቢኔ ጀርባ በብሎን እሰረው። መስታወቱ ጠርዝ ላይ የሚነክሰው ዓይነት ክብደቱን ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ይጥላል፣ ስስ መስታወት አይችለውም። ከውሃው በላይ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ገመዱ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ተንጠልጥሎ እንደገና ወደ ላይ ይውጣ፤ አለዚያ ጨው ውሃ ገመዱን ተከትሎ ሶኬት ውስጥ ይገባል።

የብርሃን ለኪ፦
ወንድሜ፣ ዋትን ተወው፤ ዋት የሚነግርህ የሚበላውን እንጂ ኮራሉ ጋ የሚደርሰውን አይደለም። ቁጥሩ ፓር ነው፤ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ያለው ብርሃን በሴኮንድ በካሬ ሜትር ስንት ማይክሮሞል እንዳረፈ ማለት ነው። መሽሩም ከ50 እስከ 100፣ ዞአንተስ እስከ 150፣ ሞንቲፖራ ከ150 እስከ 250፣ ሌላው ኮራል አክሮፖራ ከ200 እስከ 350 ይበቃቸዋል። መለኪያ ተከራይ ወይም ተዋስ፤ የስልክ መተግበሪያ ሰማያዊውን ብርሃን አሳንሶ ያነባል። መሃሉን ብቻ ሳይሆን አራቱንም ጥግ ለካ፤ ከመብራቱ ሥር 250 ሆኖ ጥጉ 80 ሊሆን ይችላል።
ከመብራቱ ኃይል 40 በመቶ ጀምርና በየሳምንቱ 5 በመቶ ጨምር። የኮራሉ ሥጋ ሳይለቅ ከነጣ ውስጡ ያሉትን ዙዛንቴሌ (ኮራሉን የሚመግቡትን ጥቃቅን አልጌዎች) አስወጥቷል ማለት ነው፤ ብርሃኑን ዛሬውኑ ቀንስ። ቡናማ ከሆነ ብርሃን አንሶታል ወይም ውሃው ውስጥ ናይትሬትና ፎስፌት (ከትርፍ ምግብና ከቆሻሻ የሚመጡት ንጥረ ነገሮች) በዝቷል። ሥጋው ተልጦ አጥንቱ ከታየ ግን መብራቱን ከመነካካትህ በፊት የውሃውን አልካሊኒቲ (አሲድን የመቋቋም አቅሙን) መርምር።

ተመላሽ፦
ለእረፍት አገር ቤት የምትገቡ ሁሉ፣ በመሄጃችሁ ሳምንት ብርሃን አትጨምሩ። መብራቱን ከሶኬት ነቅላችሁ መልሱና ፕሮግራሙን እንዳልረሳ እዩ። ሌንሱ ላይ የጋገረውን ጨው በንጹሕ ውሃ በረጠበ ጨርቅ ጥረጉ። ገንዳ ጠባቂ ለሚሆንላችሁ ሰው ምግቡን የየቀኑን ለይታችሁ ተዉለት፤ ከእናት ቤት ሆኖ በስልክ «ስንት ልቆንጥር?» መባባል ያስጨንቃል።

ድምቀት፦
የመብራቱን ነጭ ብርሃን ጭራሽ አጥፋው። ሰማያዊ ብቻ! ቀለሙ ይፈነጥቃል፣ አልጌም አይወርህም።

የብርሃን ለኪ፦
ይሄ ሰው ያሳስታል። ክሎሮፊል ኤና ሲ2 (ዙዛንቴሌዎቹ ብርሃን የሚይዙባቸው ቀለሞች) ሰማያዊውን አጥብቀው እንደሚወስዱ እውነት ነው፤ ሰማያዊው ይብዛ። አልጌን የሚያሳድገው ግን ናይትሬትና ፎስፌት ነው፤ ነጩን ብታጠፋ ምግቡ ውሃው ውስጥ እንዳለ ነው። ደግሞም በሰማያዊ ብቻ የሚነጣ ኮራል ቶሎ አይታይህም፣ ፍካቱ ይሸፍነዋል።

ድምቀት፦
ስንት ገንዳ ነው በሰማያዊ ብቻ የሚያድገው? አሳድገው የሚሸጡት ሁሉ እንዲያ ነው የሚያበሩት።

የብርሃን ለኪ፦
የሚሸጥ ሰው ቀለሙን ያሳያል። አንተ ጤናውን ማየት አለብህ። ቢያንስ በቀን አንድ ሰዓት ነጩን አብርተህ እያንዳንዱን ቅርንጫፍ ከሥሩ እይ።

ሰማያዊ ገንዳ፦
አመሰግናለሁ። ክንዱን ካቢኔው ላይ አስራለሁ። ግን አንዱ ይበቃል ወይስ አይበቃም?

ባለሽቦው፦
ለመሃሉ ይበቃል። ሞንቲፖራ ሳህን ሆኖ ሲሰፋ ሥሩን ያጨልማል፤ ያኔ ሁለት ትንንሽ መብራት ከግራና ከቀኝ ይሻላል።

ድምቀት፦
ሁለት ካደረግህ ሁለቱንም ሰማያዊ አድርጋቸው።

የብርሃን ለኪ፦
እባክህ መጀመሪያ ይለካ!