ክርክር፦ መቀናጆን ያመጣው የበሬ እጥረት ነው ወይስ ባህል?

ጥያቄው፦ አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ማርቪን ሃሪስ የአንድ ማኅበረሰብ መሠረቱ ምግብ የሚያመርትበት መንገድና የሕዝቡ ብዛት ነው፤ ሥርዓትና እምነት በአመዛኙ ያንን ይከተላሉ ይላል። ይህ ለወሎ ይሠራል? ወረባቦ፣ ሐይቅ ዳርና ባቲ ሰኞ የተባሉ ሦስት ተከራካሪዎች ይመልሳሉ።

ወረባቦ፦ ይሠራል እንጂ! ቀንበር ሁለት በሬ ይፈልጋል፤ ባለ አንድ በሬው ደግሞ ብዙ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ተቀናጅተው በየተራ ያርሳሉ። ችግሩ ተራው ላይ ነው። ጤፍ ከመዘራቱ በፊት አራት አምስት ጊዜ ይታረሳል፤ ሐምሌ ሲገባ የሁለቱም ማሳ እኩል ለዘር ይደርሳል። ቀድሞ የዘራው ዝናቡን ይጠግባል፤ የዘገየው መስከረም ላይ ዝናቡ ሲቆረጥ ፍሬው ሳይሞላ ይቀራል። በልግ ከከሸፈማ የባሰ ነው፤ በሬው ሳር ስላጣ ሰኔ ላይ ቀንበር ያቅተዋል፣ የአንዱ በሬ ሲወድቅ የሁለቱም እርሻ ይቆማል። ለዚህ ነው ሰው ከአማቹ፣ ከአበልጁ ወይም ከቅርብ ጎረቤቱ ጋር የሚቀናጀው። ዝምድናውን የሚያጠብቀው የበሬው ማነስ ነው።

ሐይቅ ዳር፦ ወንድሜ፣ ይኸው እጥረት ሰሜን ወሎ፣ ላስታም አለ፤ ሞፈሩም ቀንበሩም ያው ነው። ታዲያ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ (የቀብር እድር) ሬሳ የሚሸኝበት፣ ወንድማማቾች በሃይማኖት የሚለያዩበት ቤት ደቡብ ወሎ ላይ ለምን በዛ? አፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ አዘዙ። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ኋላ ንጉሥ ሚካኤል ሆኑ፤ ሌላው እምቢ አለ፣ ተሰደደ፣ ተዋጋ። የቤተሰቡ መደባለቅ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። አዋጅ ነው እንጂ ዝናብ አይደለም።

ባቲ ሰኞ፦ አዋጁ ለያየ እንበል፤ መልሶ ያገናኘውስ? ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1850፣ ባቲ ወደ 1500 ትወርዳለች፤ ከዚያ ወዲያ የአፋር በረሃ ነው። ደገኛው ግመል አያረባም፣ አብዛኛው አፋር እህል አይዘራም፤ ሰኞ ባቲ ገበያ ላይ ካልተገናኙ ሁለቱም ይጎድልባቸዋል። ይህ ግን በደህና ዓመት ነው። ድርቅ ሲመጣ ሁሉም ከብቱን በአንድ ጊዜ ገበያ ያወጣል፤ የከሳ ፍየል ዋጋ ይወድቃል፣ በዚያው ፍየል የሚገዛው እህል ያንሳል።

ሐይቅ ዳር፦ እሱን ካነሳህማ፣ የምጣኔ ሀብት ምሁሩ አማርትያ ሴን የ1965ና 66ን የወሎ ረሃብ ሲመረምር ደሴ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል እንዳልናረ አሳይቷል። ሰው ያጣው መግዣውን ነበር፤ ከወሎ ወደ ውጭ የተጫነ እህልም ነበር። አፋሩም በበጋ የሚያግድበትን የአዋሽ ዳር ለጥጥ እርሻ ተነጥቋል። ይህን ሁሉ "አካባቢ" ብለን እንለፈው?

ወረባቦ፦ አብሽር፣ ባለቤትነትም የምርት አካል ነው፤ እሱን አልካድኩም። ግን የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣውን የገጠር መሬት አዋጅ ተመልከት። ጭሰኝነትንና መሬት ማከራየትን ከለከለ፤ በእኩል ማረስ፣ ማለትም የሰው መሬት አርሶ ምርቱን መካፈል፣ ግን በድብቅ ቀጠለ። ለምን? ባሏ የሞተባት ሴት መሬት አገኘች እንጂ በሬ አላገኘችም።

ሐይቅ ዳር፦ አንድ ነገር ዘለልህ። ድሮ እኩል የሚያርሰው ድሃው ነበር፣ ባለ መሬቱ ጌታ። አሁን ባለ መሬቷ ደካማ ናት፣ አራሹ ባለ ጥማድ። በሬው ያው ነው፤ ለማኙንና ተለማኙን የገለበጠው ሕጉ ነው።

ባቲ ሰኞ፦ ውሉም ላይ ይታያል። ዘሩን ማን ያወጣል፣ ማረሙ የማን ነው፣ ገለባው ይካፈላል ወይ? ቀድሞ ካልተለየ ባለ በሬው ገለባውን ጠቅልሎ ይወስዳል፤ እሷም ላሟን በምን ታበላለች?