ቼክ ኢንጂን በራ፣ ኮዱ ፒ0773 ነው፤ ካምቢዮ ልቀይር ወይስ ሽቦ ነው?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ የ2003 ኮሮላ አውቶማቲክ ናት፣ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ጠዋት ሳስነሳት ምንም የላትም። ሞተሩ በደንብ ሞቆ ሀይዌይ ላይ ትንሽ ከቆየሁ በኋላ ግን ቼክ ኢንጂን ይበራል፣ በዚያው ፍጥነት እየነዳሁ አርፒኤሙ (ሞተሩ በደቂቃ የሚዞረው) በ300 ያህል ከፍ ብሎ ይቀራል። ማርሽ ስትቀይር ችግር የለባትም፣ ቤንዚን ግን መብላት ጀምራለች። ሳስነብበው ፒ0773 አለ፣ የሎክአፕ ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚከፈት የዘይት ቫልቭ) የኤሌክትሪክ ችግር ነው አሉኝ። የወሰድኩበት ጋራዥ ኮፈኑን በቅጡ ሳይከፍት «ካምቢዮው አልቋል» አለኝ። የጠራው ዋጋ ከመኪናዋ ይበልጣል። መልቲሜትር አለኝ፣ መለካት አያስፈራኝም። ምን ላድርግ?

ካምቢዮ ፈቺ፦
እህቴ፣ ገና ምንም እንዳትቀይሪ። ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘው ቶርክ ኮንቨርተር ኃይሉን የሚያስተላልፈው በዘይት ስለሆነ ሁሌም ትንሽ ይንሸራተታል። ፍጥነትሽ ሲረጋ ግን ውስጡ ያለው ፍሪሲዮን ይያያዝና ሞተሩና ካምቢዮው እኩል ይዞራሉ። ሎክአፕ የሚባለው ይሄ ነው። የዘይቱን መንገድ የሚከፍተው ኤስኤል የሚባለው ሶሌኖይድ ነው፣ እሱን የሚያዘው ደግሞ ኮምፒውተሩ። ኮምፒውተሩ የኤሌክትሪክ ችግር ሲያይ ሎክአፑን ይተወዋል። አንቺ ያየሽው 300 አርፒኤም ይሄው ነው፣ ካምቢዮ አልቆ አይደለም።
ፒ0770 ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር ነው፤ ትዕዛዙ ሄዶ ፍሪሲዮኑ አልያዘም ማለት ነው፣ ያኔ ቫልቭ ቦዲውን (ዘይቱን የሚያከፋፍለውን ክፍል) ወይም ኮንቨርተሩን መጠርጠር ይመጣል። ያንቺ 73 ነው።

የሰፈር ሹፌር፦
የኔ ቪትዝ ሎክአፕ አልገባ ሲል ቴርሞስታት ነበር። ሞተሩ ካልሞቀ አይገባም። የፍሬን መብራት ስዊችንም እይው፣ ፍሬን የተረገጠ ከመሰለው ይለቃል።

ካምቢዮ ፈቺ፦
ልክ ነህ፣ እነሱ ግን ይህን ኮድ አያመጡም። በዚያ ላይ የሷ ሲሞቅ ነው የሚጠፋው፣ ያንተ ተቃራኒው።

ሽቦ አዳኝ፦
አለካኩ ይሄ ነው። ባትሪውንና የኤር ፊልተሩን ሳጥን አንሺ፣ ካምቢዮው ላይ የሶሌኖይዶቹ ሶኬት ይታያል። ሶኬቱን ንቀይና በካምቢዮው በኩል በኤስኤል ፒንና በማሳ (በካምቢዮው ብረት) መካከል ለኪ። የትኛው ፒን እንደሆነ ከመኪናዋ የሽቦ ስዕል ላይ አረጋግጪ፣ በግምት አትንኪ። 20 ዲግሪ ላይ ከ11 እስከ 15 ኦም ማንበብ አለበት። ዜሮ አካባቢ ከሆነ ሾርት ነው፣ ምንም ካላነበበ የሆነ ቦታ ተቆርጧል።
ዋናው ነገር ግን በቀዝቃዛው ለክተሽ «ደህና ነው» ብለሽ እንዳትዘጊው። ነድተሽ ችግሩ ሲመጣ ሞተሩን አጥፍተሽ ወዲያው ለኪ። መዳብ ሲሞቅ ኦሙ ይጨምራል፣ በቀዝቃዛው 12 የነበረ ሲሞቅ 15 አልፎ ቢያሳይ አትደንግጪ። ጨርሶ ከጠፋ ነው ችግሩ። እየለካሽ ሽቦውን ወዝወዝ አድርጊው።
በካምቢዮው በኩል ደህና ከሆነ ደግሞ ሶኬቱን መልሰሽ እስከ ኮምፒውተሩ ያለውን መስመር ለኪ። ኮምፒውተር የመጨረሻው ተጠርጣሪ ነው፣ ግን አይናቅም፤ ከ2001 እስከ 2003 ያሉት ራቭ4ዎች ላይ ኮምፒውተሩ እየተበላሸ ስንት ደህና ካምቢዮ በከንቱ ወርዷል።

ጠያቂ፦
ለካሁ! በቀዝቃዛው 12.6 ኦም። ነድቼ መብራቱ ሲበራ ቆሜ ስለካ ባዶ፣ ምንም አያነብም። ቆይቶ ሲቀዘቅዝ ቁጥሩ ተመልሶ መጣ። በውጪ ያለውን ሽቦ ብወዘውዘው ምንም ለውጥ የለም።

ሽቦ አዳኝ፦
በቃ፣ ከሶኬቱ ወደ ውስጥ ነው። ወይ ሶሌኖይዱ ወይ ከሶኬቱ ወደ እሱ የሚሄደው የውስጥ ሽቦ። ኮፓው (የካምቢዮው የታች የዘይት ገንዳ) ሲወርድ ሁለቱን ለያይተሽ ለኪ። ሶሌኖይዱን ለብቻው በባትሪ ስትሞክሪው «ቀጭ» ማለት አለበት።

ጠያቂ፦
ኮፓውን አንድ የማውቀው ልጅ አወረደልኝ። ሶሌኖይዱ ቀጭ ይላል፣ በፀጉር ማድረቂያ ስናሞቀውም ቁጥሩ አልጠፋም። የውስጥ ሽቦው ግን ሶኬቱ ሥር ፕላስቲኩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ እዚያ ጋ በጣት ስንጫነው ንባቡ ይሄዳል ይመጣል። ሽቦውን ከነላስቲኩ ለወጥነው። ኮዱን አጥፍቼ ረጅም መንገድ ነዳሁ፣ አርፒኤሙ ወረደ፣ መብራቱም አልተመለሰም። ዘይቱን በግምት ነው መልሰን የሞላነው፣ ስንት መሆን አለበት?

ካምቢዮ ፈቺ፦
የወጣውን ያህል፣ ታይፕ ቲ-4 የሚባለው የቶዮታ ካምቢዮ ዘይት ብቻ። ከዚያ ሞተሩ ሞቆ እየሠራ ማርሹን ሁሉ አዳርሰሽ ፒ ላይ መልሺና በዲፕስቲኩ (የዘይት መለኪያው ዘንግ) «ሆት» ከሚለው ምልክት ጋር አስተያዪው። አታብዢው፣ አረፋ ይሠራል።