ባለጥሩር ሮቦቶች፦ ነጩ ሲወይብ፣ ለስላሳው ሲያጣብቅ ምን ይደረግ?

ባለቡፌው (ባሕር ዳር) ጠየቀ፦

ለተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣

ባብዛኛው ከውጭ አገር በሚመላለሱ ዘመዶቼ ሻንጣ የመጣ አነስተኛ የሳይንሳዊ ልብ ወለድ አሻንጉሊቶች ስብስብ አለኝ። ከሁሉ አብልጬ የምወደው ለዛ ያላቸውን ነው፤ ሆዳቸው የተነፋና እግራቸው ያጠረ፣ ወደ ጦር ሜዳ ሳይሆን ወደ ሰርግ ቤት የሚሄዱ የሚመስሉ፣ ሰው ውስጣቸው የሚገባባቸው የሮቦት ጥሩሮችን፣ እንዲሁም ከሌላ ፕላኔት እንደመጡ ተደርገው የተሠሩ እንግዳ ፍጥረታትን።

ሁለት ጥያቄዎች አሉኝ። በመስኮቱ ትይዩ ባለው ቡፌ ውስጥ ከተደረደሩት መካከል ነጮቹ እየወየቡ ነው፤ አካላቸው ለስላሳ የሆነው ደግሞ ማንም ሳይነካቸው ማጣበቅ ጀምረዋል፣ አቧራም ይዘዋል። አንዳንዱ በበረኪና ዘፍዝፋቸው፣ ሌላው ከመድኃኒት ቤት ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ገዝተህ ቀባቸው ይለኛል፤ የሚያውቁትን ሳልጠይቅ ግን እጄን ላሳርፍባቸው አልፈለግሁም። ሁለተኛው ጥያቄዬ፣ ገንዘቡ ውስን ለሆነ ሰብሳቢ ተሠርቶ ያለቀውን መግዛት ይሻላል ወይስ ራሱ የሚገጣጥመውን የሚለው ነው።

ዘደብረ ማርቆስ መለሰ፦

ወንድሜ ባለቡፌው፣ የገለጽኸው ሁለት የተለያየ ጉዳት ስለሆነ መፍትሔውም ይለያያል።

ነጩ የሚወይበው አብዛኛውን ጊዜ ኤቢኤስ ከሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ በመሆኑ ነው። በዚህ ፕላስቲክ ውስጥ ያለው፣ ከቡታዳይን የተሠራው የጎማ ክፍል በአየር ውስጥ ካለው ኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ ቀለሙ ይለወጣል፤ የፀሐይ ብርሃን ደግሞ ሂደቱን ያፋጥነዋል። አልትራቫዮሌት ጨረር ከፍታው በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር በ10 በመቶ ያህል ስለሚበረታ፣ ወደ 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ባሕር ዳር፣ ይልቁንም በእኛ በደብረ ማርቆስ፣ በመስኮት ትይዩ የተቀመጠ ነጭ አሻንጉሊት ክፉኛ ይጎዳል። የመስኮቱ መስታወት ከጨረሩ ከፊሉን ብቻ ነው የሚያስቀረው። ስለዚህ ከማንኛውም ማጽጃ በፊት ቡፌውን ፀሐይ ወደማያገኘው ግድግዳ አዛውረው፤ ማታ ለማየት መብራት ከፈለግህ ኤልኢዲ አምፖል አልትራቫዮሌቱ እጅግ አነስተኛ ስለሆነ እሱን ተጠቀም።

በረኪናውን ፈጽሞ አትሞክረው። የወየበውን አይመልስልህም፤ የተቀባውን ቀለም ያነሣል፣ ብሎኖቹንም ያዝጋል። ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ከብርሃን ጋር ሲሆን በእርግጥ ያነጣል፤ ይሁንና ንጣቱ ዥንጉርጉር ሊሆን ይችላል፣ ብዙ ጊዜም ውየባው ተመልሶ ይመጣል፣ የፕላስቲኩ ገጽም ሊዳከም ይችላል። በእኔ አስተያየት ሌላ የማይገኝለትን አሻንጉሊት እንደወየበ በክብር ማቆየት የተሻለ ነው።

የሚያጣብቁት አብዛኛውን ጊዜ ፒቪሲ ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠሩ ናቸው። ፒቪሲ በተፈጥሮው ደረቅ ነው፤ ለስላሳ እንዲሆን የሚጨመርበት ዘይት መሰል ማለስለሻ ከጊዜ ብዛትና ከሙቀት የተነሣ ወደ ውጭ ይወጣል። ለብ ባለ ውኃና በጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ በለስላሳ ብሩሽ እያሸህ እጠባቸውና በጥላ አድርቃቸው። ቤንዚንም ሆነ አሴቶን አታስነካቸው፤ ዱቄት መነስነስም ማጣበቁን ይሸፍነው እንደሆነ እንጂ አያስቀረውም። ከታጠቡ በኋላ በላስቲክ ከረጢት አትዝጋባቸው፤ አየር ሲታፈን የወጣው ማለስለሻ ላያቸው ላይ ይቀራል። እንዲሁም ለስላሳው አሻንጉሊት በጠንካራው ላይ ተደግፎ እንዳይቆም ተጠንቀቅ፤ ማለስለሻው ወደ ጎረቤቱ ተሻግሮ በተለይ ፖሊስታይሪን የተባለውን ፕላስቲክ ያቀልጠዋል።

የእንጅባራ ሰብሳቢ መለሰ፦

ዘደብረ ማርቆስ ባሉት ላይ ክረምቱን ልጨምር። እንጅባራ ዝናቡ ስለሚበረታ ከአሻንጉሊቱ ቀድሞ የሚጎዳው ካርቶኑ ነው፤ ሻጋታ ያወጣል፣ ሥዕሉም ይላላጣል። ካርቶኑን ከወለልና ከውጭ ግድግዳ አርቃችሁ አስቀምጡ፤ በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምታገኟቸውን እርጥበት መጣጭ ትንንሽ ከረጢቶች አትጣሉ፣ ሳጥኑ ውስጥ ጨምሯቸው።

የሚያበሩና ድምፅ የሚያሰሙ ሮቦቶች ካሏችሁ ባትሪያቸውን አውጡ። ከአልካላይን ባትሪ የሚፈሰው ነጭ ነገር ባሕርዩ የአሲድ ተቃራኒ (ቤዝ) ስለሆነ በኮምጣጤ ወይም በሎሚ ጭማቂ በራሰ ጥጥ ይጸዳል፤ በኋላ ግን አሲዱ እንዳይቀር በአልኮል መወልወልና ማድረቅ ያስፈልጋል።

ጥሩር ወዳድ (ፍኖተ ሰላም) መለሰ፦

እኔ የምመልሰው ሁለተኛውን ጥያቄ ነው፤ ራስህ የምትገጣጥመውን ምረጥ እላለሁ።

ለዛ ያላቸውን እወዳለሁ ስላልህ ከእነሱ ልጀምር። ከሌላ ፕላኔት ከመጡት ፍጥረታት መካከል በሰብሳቢዎች ዘንድ እጅግ የሚወደዱት እ.ኤ.አ. በ1968 ከለርፎርምስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያወጣቸው፣ ሜል በርንክራንት የነደፋቸው ሰባት የጠፈር ሰዎች ናቸው። እያንዳንዳቸው የአንድ ፕላኔት ሰው ሆነው ስለተነደፉ የማርሱ ከጁፒተሩ፣ የሳተርኑ ከቬኑሱ በመልክም በቁመናም ፈጽሞ አይመሳሰሉም፤ እንዲህ ያለ የምናብ ነፃነት እስከዛሬ ብዙም አላየሁም። ነገር ግን በዚያ ዘመን በጎማ በተሸፈነ ሽቦ የተሠሩ ተጣጣፊ አሻንጉሊቶች ሽቧቸው ይሰበራል፣ ጎማቸውም ይሰነጠቃል፤ ደህናው ደግሞ ውድ ነው። ስለዚህ ለጀማሪ የመጀመሪያውን እትም መግዛት አልመክርም።

በአንጻሩ የምትወዳቸውን ሆዳም ጥሩሮች በትክክል የምታገኝበት ማሺነን ክሪገር የሚባለው መስመር አለ። ኮው ዮኮያማ የተባለው ጃፓናዊ ሠዓሊና ሞዴል ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1982 ሆቢ ጃፓን በተባለው መጽሔት ላይ ሲጀምረው ስሙ ኤስኤፍ3ዲ ነበር። ዮኮያማ ጥሩሮቹን የሠራው ከሌሎች የሞዴል ዕቃዎች የተረፉ ክፍሎችን እየቀጣጠለ ስለሆነ አካላቸው ላይ ቱቦው፣ ክዳኑና ብየዳው ሁሉ ሥራ ያለው ይመስላል፤ ቅርጻቸው ግን እንቁላል የመሰለ ነውና አስፈሪም ተወዳጅም ናቸው። በመጀመሪያ ኒቶ፣ ኋላም ዌቭና ሃሴጋዋ የተባሉ ኩባንያዎች በ1/20 ልኬት፣ ማለትም ከእውነተኛው ቁመት አንድ ሃያኛ አድርገው አምርተዋቸዋል፤ በዚህ ልኬት 1 ሜትር ከ75 ቁመት ያለው ሰው 9 ሴንቲ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል።

ርካሽ መነሻ ከፈለግህ ባንዳይ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሚያመርታቸውን፣ ጋንዳም የተባለውን የጃፓን አኒሜሽን ግዙፍ ሮቦት ሞዴሎች ተመልከት። የመጀመሪያው በ1/144 ልኬት ሐምሌ 1980 እ.ኤ.አ. በ300 የን ለገበያ ቀረበ። 18 ሜትር ቁመት ያለው ጋንዳም በዚህ ልኬት 12.5 ሴንቲ ሜትር፣ በ1/100 ደግሞ 18 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ቡፌህን ለክተህ የትኛው እንደሚበቃህ ወስን። የዛሬዎቹ ያለ ሙጫ ተጣጥመው የሚገቡ ናቸው፤ ቆራጭ ፒንሳና ቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ካለህ ይበቃሃል። ለእኛ ለጎጃም ሰዎች ደግሞ ትልቅ ጥቅም አላቸው፦ ክፍሎቹ በጠፍጣፋ ፍሬም ተያይዘው ስለሚመጡ፣ ዘመድህ ካርቶኑን ትቶ ፍሬሞቹን በልብሱ መካከል አድርጎ ሊያመጣልህ ይችላል። በፍሬሙ ጫፍ የፕላስቲኩ ዓይነት ተጽፎ ታገኛለህና ዘደብረ ማርቆስ ያስተማሩህንም ሳትገምት ትሠራበታለህ። የአምራቹ ስም በፍሬሙ ላይ የሌለ፣ ክፍሎቹ እየተገፉ ካልሆነ የማይገጥሙ ከሆነ ፎርጅድ መሆኑን ጠርጥር።

ከሁሉ በላይ የገጣጠመ ሰው ከዚያ አልፎ መፍጠር ይጀምራል። በልጅነታችን ከሽቦና ካረጀ ነጠላ ጫማ መኪና ስንሠራ ያዳበርነው እጅ ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ ነው። እኔ ባለቀ እስክሪብቶ ቀፎ የጥሩር ቱቦ፣ በዲኦዶራንት ኳስ የትከሻ መገጣጠሚያ እሠራለሁ፤ ተሠርቶ ካለቀ አሻንጉሊት ይህን ደስታ አላገኘሁም።

ባለቡፌው መለሰ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቡፌውን ዛሬውኑ አዛውራለሁ፤ በ1/20 ጥሩርም እጀምራለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፦ ከገጠምሁ በኋላ ሰፈር ካለው የቀለም ሱቅ የምገዛውን የዘይት ቀለም በአኳራጅ አቅጥኜ ብቀባው ይሆናል?

ዘደብረ ማርቆስ መለሰ፦

ይህ የቤት ቀለም ወፍራም ስለሆነ ቱቦውንና ብየዳውን ሁሉ ይደፍነዋል። አኳራጅና መሰል ማቅጠኛዎች ደግሞ ተጣብቆ በተወጠረ መገጣጠሚያ ውስጥ ሲገቡ ፕላስቲኩን፣ በተለይ ኤቢኤሱን፣ ይሰነጥቁታል። በውኃ የሚቀጥን አክሪሊክ ቀለም ፈልግ፤ ሳይገጣጠም በፍሬሙ ላይ እንዳለ በሳሙና እጠበው፣ ይድረቅ፣ ከዚያም እጅግ ስስ አድርገህ ደጋግመህ ቀባው። መገጣጠሚያዎቹን ሳትቀባ ተዋቸው፤ እየተፋተጉ ቀለሙን ይልጡታልና። የመጀመሪያውን ጥሩር ስትጨርስ ፎቶውን እዚህ አድርስልን፤ የፍኖተ ሰላሙ ወንድማችንም ከእስክሪብቶ ቀፎ የሠራቸውን ቢያሳዩን ደስ ይለናል።