የትወናና የድርሰት ሽልማት ዘርፎች እንዴት ተለያዩ?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ላይ ለአጫጭር ፊልም ውድድር የሽልማት ዘርፍ እያወጣን ነው። ኦስካር ዋናና ረዳት ተዋናይን የለየው መቼ ነው? ድርሰትንስ?

መልስ፦ በ1929 እ.ኤ.አ. ሲጀመር ረዳት ተዋናይ የሚባል ዘርፍ አልነበረም። በዋና ሴት ተዋናይ ዘርፍ ጃኔት ጌይነር ያሸነፈችው በሦስት ፊልሞች ድምር ነው። ረዳት ተዋናዮች መሸለም የጀመሩት በ1937 ሲሆን፣ መጀመሪያ ላይ የሚሰጣቸው ሐውልቱ ሳይሆን ሰሌዳ ነበር። እናንተ እንዲህ አታበላልጡ፤ ረዳትም ያው ተዋናይ ነው።

መልስ፦ ድርሰቱ ይበልጥ ይወሳሰባል። በመጀመሪያው ዓመት ከነበሩት ሦስት ዘርፎች አንዱ ድምፅ አልባ ፊልም ላይ ለሚነበበው ጽሑፍ ነበር፤ ወዲያው ቀረ። በ1957 የታሪክ ድርሰት ሽልማቱ «ሮበርት ሪች» ለሚባል ሰው ተሰጠ፤ እውነተኛው ጸሐፊ ግን ሥራ የተከለከለው ዳልተን ትራምቦ ነበር። ስለዚህ ስክሪፕቱን ከፊልሙ ጋር ተቀበሉ፤ ማን እንደጻፈው በፊርማ ይረጋገጥ።

መልስ፦ ከልቦለድ የተወሰደ ከሆነ የደራሲው የጽሑፍ ፈቃድም ይያያዝ። ጭቅጭቁ የሚነሳው እዚያ ላይ ነው።